በሩ ውስጥ የቀረ ድምፅ

መጣል እወዳለሁ። እናቴ ባዶ የማር ጠርሙስ ሳይቀር አጥባ የምታስቀምጥ ሴት ናት፤ እኔ ደግሞ ዞር እስክትል ጠብቄ የምጥልባት ልጇ ነኝ። ያደግኩት መካ ውስጥ፣ ከኩዳይ ብዙም በማይርቅ ኮረብታ ላይ፣ አያቴ ከወሎ ለሐጅ መጥቶ እዚያው ሲቀር በያዘው ጠባብ ቤት ነው። ሰው ተጠጋግቶ የሚተኛበት፣ ሻንጣ በሻንጣ ላይ የሚቆለልበት ቤት ነበር። ከአገር የመጣ ዘመድ ሁሉ ዕቃውን አደራ ብሎ ይሄዳል፣ ተመልሶ የሚወስድ ግን የለም። ካደግኩ በኋላ እንጀራዬ ትርፍ ነገር ለይቶ መጣል ሲሆን እኔን አልገረመኝም።

የምሠራው ጅዳ ውስጥ፣ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። እናቴ ለሰው "ኮምፒውተር ነው የምትሠራው" እያለች ትገላገላለች። ድርጅቱ የቪላ በር ላይ የሚገጠም መሣሪያ ይሠራል። ከግቢው በር ውጭ ደወል፣ ካሜራና ማይክሮፎን አለ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ኩሽና ግድግዳ ላይ ስክሪን። እንግዳው ሲደውል ውስጥ ያለው ሰው ያየዋል፣ ያናግረዋል፣ መክፈት የተፈቀደለት ከሆነም ይከፍትለታል። ውጭ የቆመው ግን ውስጥ ያለውን አያይም። እንደዚያ እንዲሆን የፈለጉት ደንበኞቹ ናቸው፤ ቪላ የሚሠራ ሰው አጥሩን ሽቅብ የሚያስረዝመው እንዳይታይ ነው።

በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር አለች። ስትበራ ከርነል የሚባለው ዋና ፕሮግራም ይነቃና የሚገባበት ቤት ይፈልጋል። ያ ቤት ሩት ፋይል ሲስተም ይባላል። ትእዛዞቹ፣ ፕሮግራሞቹ፣ ፕሮግራሞቹ የሚደገፉባቸው ላይብረሪዎች፣ ማን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚወስኑት ደንቦች፣ ሁሉም የሚኖሩት እዚያ ነው። ቤቱን ካጣ ከርነሉ በድንጋጤ ቀጥ ይላል። ድንጋጤ ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ስክሪኑ ላይ ራሱ የሚጽፈው ነው። የእኔ ሥራ ያንን ቤት መሥራት ነው።

ተሠርቶ ያለቀ ቤት በነፃ ይገኛል፤ ግን የሠርግ ድንኳን ያህል ነው። በር ላይ ለሚሰቀል መሣሪያ ወረቀት የማተም ችሎታ ምን ያደርግለታል? የዓለሙ ሁሉ የሰዓት አቆጣጠርስ? አለቃዬ ደግሞ ርካሽ የኮምፒውተር ቦርድ በጅምላ አስመጥቶ መጋዘን ሞልቷል። የቦርዱ ሜሞሪ ከመጥበቡ የተነሳ ያ ሁሉ ዕቃ አይገባበትም። ስለዚህ ከባዶ ፎልደር ጀመርኩ።

ባዶውን ፎልደር ጓዳ ጓዳ አድርጌ ከፈልኩት፤ ይሄ ለትእዛዞች፣ ይሄ ለላይብረሪ፣ ይሄ ለደንቦች። ከዚያ አንድ ፕሮግራም አስገብቼ አበራሁት። ሞተ። ላይብረሪ ጎድሎት ነው ብዬ ከራሴ ላፕቶፕ ቀዳሁለት፤ ፋይሉ አፍንጫው ሥር ተቀምጦ ቦርዱ "የለም" አለኝ። ለካ የላፕቶፔና የቦርዱ ፕሮሰሰር አይግባቡም። ወረቀቱን በእጁ ይዞ መስኮት ላይ የቆመና "ወረቀት የለህም" የተባለ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ሁሉንም ለቦርዱ በሚስማማው መንገድ እንደ አዲስ ሠራሁት። አንዱን ሳስገባ ሌላው ጎደለ፣ ያንን ሳስገባ ቦታ አለቀ። ያኔ መጣል ጀመርኩ።

ስጥል አላዝንም። መመሪያ ጽሑፎቹን ጣልኩ፣ ቋንቋዎቹን ጣልኩ፣ አማርኛውን የጣልኩት ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነው። የጅዳ ሀብታሞች በሚኖሩበት ኦብሑር ውስጥ በአማርኛ የሚያዝ ባለ ቪላ የለም። የሥራ ባልደረቦቼ "ይሄ እንኳ ይቆይ" እያሉ ይለምኑኝ ነበር፤ ለፋይል የሚለምን ሰው ስለማላከብር የለመኑልኝን ቀድሜ እጥል ነበር። አለቃዬ አንድ ቀን በሰው ፊት "ሌሎቹ ሐበሾች ቤት ያጸዳሉ፣ የእኛዋ ሲስተም ታጸዳለች" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ያልሳቀች ሐበሻ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ሲታደስ ትታወሳለች።

በመጨረሻ ከድምፁ ጋር ተፋጠጥን። ማይክሮፎኑና ድምፅ ማውጫው ጎን ለጎን ስለሆኑ ከውስጥ የመጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ይገባና መሣሪያው ያፏጫል። ይህንን የሚያጠፋ ፕሮግራም አለ። እሱ ካለ ሁለቱም ወገን እንደ ልባቸው እኩል ማውራት ይችላሉ። ግን ትልቅ ነው፣ ሜሞሪውን ይበላል፣ ደካማዋን ፕሮሰሰርም ያስለፋታል። አወጣሁትና በምትኩ አጭር ነገር ጻፍኩ። ከሁለቱ ወገን ድምፁ ከፍ ያለው መስመሩን ይይዛል፤ እሱ እስኪያቆም የሌላው አፍ ይዘጋል። አንዱ ሲናገር ሌላው አይሰማም። ጥሪው ደግሞ ሳያስፈልግ እንዳይንዛዛ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በራሱ ይዘጋል።

ሞከርነው። አለቃዬ ከበሩ ውጭ ቆሞ "አሰላሙ ዐለይኩም" አለ፣ ዝም አለ። እኔ ከውስጥ "ወዐለይኩሙ ሰላም" አልኩ፣ ዝም አልኩ። ጥርት ያለ ነበር። ዕቃ የሚያደርሰው ይናገራል፣ ማዳም ትመልሳለች፣ ከዚያ ኸላስ፣ አለቀ። ወሎዬዎች በር ላይ ሲገናኙ እንዴት ሰላም እንደሚባባሉ ማንም ትዝ አላለውም፤ ሊለውም አይችልም። እኔ ራሴ በልጅነቴ ሰላምታቸው እስኪያልቅ ቆሜ መጠበቅ ያሰለቸኝ ነበር። ሁለቱም እኩል ይጠይቃሉ፣ እኩል ያመሰግናሉ፣ ማን ጠይቆ ማን እንደመለሰ አይታወቅም። ዱዓ ሲያደርጉም እንዲሁ ነው፤ "አሚን"ን ከሥር ከሥር እንጂ መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ የለም።

ሲያልቅ ቤቱን ቆለፍኩት። ማንም ምንም እንዳይጽፍበት አድርጌ፣ እኔ ራሴ ለጥገና የምገባበትን የጓሮ ቁልፍ ሳይቀር አውጥቼ ጣልኩት፤ እኔ የምገባበት በር ሌባም ይገባበታል። ንጹሕ ሥራ ነበር። አሁንም ንጹሕ ሥራ ነው እላለሁ፤ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

የአክስቴ ልጅ በቤት ሠራተኝነት ከወሎ መጥታ የገባችው ኦብሑር፣ ይኸው መሣሪያ የተገጠመበት ቪላ ውስጥ ነው። መሣሪያው እንዳለ ያወቅኩት ራሷ በስልክ ስትነግረን ነው፤ ኩሽናው ግድግዳ ላይ አንድ ስክሪን አለ፣ በሩ ሲደወል እኔ ነኝ የማናግረው፣ መክፈት ግን አይሆንልኝም አለች። በእኔ ደንብ ውስጥ "ሠራተኛ" የሚል ክፍል አለ፤ ሠራተኛ ትመልሳለች እንጂ አትከፍትም። ማዳሟ ስትወጣ የቤቱም የግቢውም በር ከውስጥም ከውጭም የሚከፈተው ካሜራው የማዳሟን ወይም የልጆቿን ፊት ሲያይ ብቻ ነበር። እኔ እንደሠራሁት ስነግራት ሳቀች። መሳቅ የምትወድ፣ የማዳሟን አረማመድ በስልክ ሳይቀር በድምፅ የምታስመስል ልጅ ነበረች።

ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ተወሰደ። ማዳሟ ልጅቱ በስልክ ስታለቅስ ሰምታታለች፤ ስልክ የሠራተኛን ልብ ያሸፍታል ብላ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባት። ከዚያ በኋላ ወሬዋን የምንሰማው ከማዳሟ ብቻ ሆነ። እናቴ ትደውላለች፣ ማዳሟ "ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ" ትላለች፣ ስልኩ ይዘጋል።

ልጅቱ በፈቃዷ አልመጣችም። ትምህርቷን አቋርጣ እንድትመጣ ያደረገቻት እናቷ ናት፤ የጎረቤቱ ሴት ልጅ ሄዳ ቤት አሠርታለች፣ አንቺስ ምን ያንስሻል እያለች ቀን ከሌት ነዘነዘቻት። የሄደች ቀን ልጅቱ እናቷን ሳትሰናበት መኪናው ውስጥ ገብታ ወደ ሌላ በኩል ዞራ ተቀመጠች። ይህንን የነገረችን ራሷ አክስቴ ናት፤ ዑምራ ልታደርግ መካ በመጣች ጊዜ።

አክስቴ ስትመጣ ሆዷ አብጦ፣ ፊቷ ገርጥቶ ነበር። ደሴ ያሉት ሐኪሞች ጉበቷን አይተው ልጆቿን ለብቻቸው ጠርተው አነጋግረዋል፤ እሷ ግን ያልነገሯትን ታውቀው ነበር። የሰፈሩ ሰው ተባብሮ ላካት። ለዑምራ የሚነሳ ሰው ደግሞ በእኛ ዘንድ ቤት ለቤት ዞሮ "አፉ በሉኝ" ይላል፤ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። አክስቴ ያልደረሰችበት ቤት የለም፤ በድንበር የተካሰሰችውን ጎረቤቷን ሳይቀር በሩ ላይ ቆማ አፉ አስብላዋለች። ካዕባን አይታ ከኩዳይ ሆቴሏ ወደ ቤታችን ስትመጣ እናቴ የዘረጋችላትን ምግብ አልነካችም።

"አንዲት ናት የቀረችኝ" አለች። "እኔ ገፍቼ ላክኋት እንጂ እሷ መች መምጣት ፈለገች። ከአፏ ሳልሰማ ብሞት አላህ ፊት ምን ብዬ እቀርባለሁ?"

እናቴ ለማዳሟ ደወለች። እናቷ መጥታለች፣ ታማለች፣ ወደ አገሯ የምትመለስበት ቀን ደርሷል፣ ልጅቱን ለአንድ ከሰዓት ስጪን አለቻት። ማዳሟ ጨዋ ሴት ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እንግዶች አሉብኝ አለች፣ ከዒድ በኋላ ይሻላል አለች፣ ልጅቱን እንደ ልጄ ነው የማያት አለች። እናቴ እንግዲያው በስልክ አገናኚያቸው ስትላት ደግሞ፣ ከአገሯ ሰው ጋር ካወራች በኋላ ለቀናት ታለቅሳለች፣ ዕቃ ትሰብራለች፣ እንደተረጋጋች ትቆይ አለች። አክስቴ ዐረብኛ ስለማትችል ከእናቴ ፊት ላይ ልታነብ እየሞከረች ነበር።

ስልኩ እንደተዘጋ እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

"በሩን የሠራሽው አንቺ አይደለሽም? ክፈቺላታ።"

አልችልም አልኩ። ቁልፉን እንዳወጣሁት፣ ያለ ቁልፍ ማንም እንደማይገባ፣ ጥሩ ሥራ ማለትም እሱ እንደሆነ አስረዳሁ። አላመነችኝም። የሠሪ እጅ እንዴት ከሠራው ነገር ውጭ ይሆናል አለች። ከዚያ እኔ እየሰማሁ ለእህቷ "ይቺ ልጅ ስትፈጠር ጀምሮ ለዘመድ አትሆንም" አለቻት። ልክ ናት፣ አልሆንም። ግን ነገሩ አናደደኝና መክፈት ባልችልም ማነጋገር እንደሚቻል ነገርኳቸው። ከሰዓት በኋላ ማዳሟ ከልጆቿ ጋር እንደምትወጣ የአክስቴ ልጅ ስልክ በነበራት ጊዜ ነግራናለች። በሩን እንደውላለን፤ ኩሽና ያለችው እሷ ናት፣ የምታነሳውም እሷ ናት።

በማግስቱ አክስቴን በመኪናዬ ይዣት ወጣሁ። ሹመይሲን ስናልፍ አጥሩን አይታ ምንድነው አለችኝ። ከዚህ አገር የሚባረሩ ሰዎች የሚቆዩበት ነው አልኳት። አጥሩ እስኪያልቅ አየችውና "እነሱስ ወደ አገራቸው ነው የሚገቡት" አለች። ከዚያ እስከ ኦብሑር ድረስ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለልጇ የምትለውን ስታጠና ነበር።

ቪላው ነጭ ነው፤ ግንቡ ረጅም፣ በሩ ብረት። አክስቴን ከካሜራው ፊት አቁሜ ደወሉን ተጫንኩ። ትንሿ መብራት በራች። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና የልጅቱ ድምፅ "ነዓም" አለ በዐረብኛ። ከዚያ እኛን ስታይ "እማ" አለች።

አክስቴ ያጠናችው ሁሉ ጠፋት። እንዴት ነሽ ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ አካልሽ ደህና ነው ወይ፣ ትበያለሽ ወይ እያለች ሳታቋርጥ ጀመረች። ከውስጥም ልጅቱ ጀምራለች፤ ይህንን የማውቀው አክስቴ ለመተንፈስ ፋታ ስትወስድ የቃል ስባሪ እየፈለቀ ይቆረጥ ስለነበር ነው። "እማ" ይላል፣ ይጠፋል። "አን" ይላል፣ ይጠፋል። አክስቴ ከማይክሮፎኑ አጠገብ ነች፣ ድምፅዋ ከፍ ያለ ነው፣ መስመሩን ይዛዋለች። ወዲያው ገባኝ። አክስቴ፣ ቆም እያልሽ ተናገሪ፣ አንቺ ስትናገሪ የእሷ አይሰማም አልኳት። አልሰማችኝም፤ እዚያ ደጃፍ ላይ የቆምኩ ሰው መሆኔንም የረሳች መሰለኝ። በዕድሜዋ ሙሉ ሰውን ተራ ጠብቃ ሰላም ብላ አታውቅም።

ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። በሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ግንባሯን ብረቱ ላይ አድርጋ "አፉ በይኝ፣ አፉ በይኝ ልጄ፣ በድዬሻለሁ፣ አፉ በይኝ" እያለች አንዱን ከአንዱ አያይዛ ትለዋለች፤ በመሃል ክፍተት የለውም። እየለመነች የምትለምነውን ነገር እየዘጋችው ነበር። ዝም በይ አልኳት። ደግሜ ዝም በይ አልኳት፤ ጮኬ፣ እንደ ባለጌ ልጅ። ጥሪው ሊዘጋ እንደቀረበ የምታስጠነቅቀው መብራት ብልጭ ማለት ስትጀምር አክስቴን ከኋላዋ ይዤ አፏን በመዳፌ ከደንኩት። እንባዋ በጣቶቼ መሃል ይወርዳል፣ እጄን ለማላቀቅ ትታገላለች፣ ግን ዝም አለች።

መስመሩ ለውስጡ ተለቀቀ። የመጣው የልጅቱ ለቅሶ ነበር፤ ቃል የሌለው፣ ሳግ ብቻ። ከዚያ ጥሪው ተዘጋ።

እንደገና ደወልኩ። ሁለተኛ ሲደወል ጥሪው ወደ ማዳሟም ስልክ ይሄዳል፤ ያንንም የሠራሁት እኔ ነኝ። የመለሰችው ማዳሟ ናት። ማን እንደሆንን በካሜራው አየች፣ ምንም አልጠየቀችም። "ኸላስ፣ የላ" አለች፤ እንደተለመደው በጨዋ ድምፅ፣ በቃ ሂዱ ማለቷ ነው። መብራቷ ጠፋች።

ወደ መካ ስንመለስ ነገሩን ላስረዳት ሞከርኩ። ድምፅሽ ከፍ ስላለ ነው፣ መሣሪያው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሰማው፣ ልጅሽ ስትናገር ነበር፣ እኔ ስባሪውን ሰምቻለሁ አልኳት። ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ፤ ሕፃን የሚናገረውን እንደሚሰሙት።

"ዝም ስል ሰምቻታለሁ" አለች። "አለቀሰች እንጂ አፉ አላለችኝም።"

ዝም ያልሽው በመጨረሻ ነዋ፣ ቀድመሽ ብትሰሚኝ ኖሮ ትሰሚያት ነበር አልኳት። ንዴቴን በታመመች ሴት ላይ እየተወጣሁ እንደሆነ አውቅ ነበር፣ ግን አላቆምኩም። ስለ ማይክሮፎኑ ነገርኳት፣ ስለ ሜሞሪው ነገርኳት፣ ስለ ርካሹ ቦርድ ሳይቀር። በር ቃል አይውጥም ልጄ፣ አታጽናኚኝ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ልጇ አንድም ቃል አልተናገረችም። በተቆረጠላት ቀን ተሳፍራ ሄደች።

ሥራ ቦታ ለአለቃዬ ድምፁ መስተካከል አለበት፣ ሜሞሪው ሰፋ ያለ ቦርድ ያስፈልገናል አልኩት። ማን አማረረ አለኝ። አሰብኩት፤ እውነትም ያማረረ ደንበኛ የለም። ደንበኞቹ ሲናገሩ ሌላው ዝም ይላል፣ ስለዚህ መሣሪያው ለእነሱ ምንም እንከን የለውም። ቦርዶቹ መጋዘን እስኪያልቁ ተሸጡ፣ ቤታቸውም እኔ የሠራሁት ነው።

አክስቴ የሞተችው ከረመዳን ጾም በፊት ነው። እናቴ ለማዳሟ ደውላ ነገረቻት፤ ለልጅቱ እንድትነግራት አይደለም፣ ድንገት ከሌላ ሰው እንዳትሰማ እንድትጠብቅልን ነው። ባዕድ ቤት ያለ ሰው መርዶ አይነገረውም፣ ሰው መሃል ሲሆን ነው የሚነገረው። ማዳሟ ሳታንገራግር ተስማማች። የዒድ ሥራ ይበዛባታል፣ ኮንትራቷን ጨርሳ ስትወጣ ብትሰማ ይሻላታል አለች። እናቴ አመሰገነቻት። የእኛ ደግ ልማድና የማዳሟ ጥቅም እንደዚያ ሲገጣጠሙ አይቼ አላውቅም።

ኮንትራቷ ሲያልቅ ልጅቱ ዑምራ አድርጋ ወደ አገሯ ልትገባ ሻንጣዋን ይዛ መካ እኛ ቤት መጣች። ከስታለች፣ እጇ ሻክሯል፣ ግን እየሳቀች ነው የገባችው። ያን ዕለት አሳደርናት። በነጋታው ማለዳ እናቴ የጠራቻቸው የአገር ሴቶች አንድ በአንድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መግባት ሲጀምሩ፣ ልጅቱ ቆማ አየቻቸውና ማንም አፉን ሳይከፍት ራሷን ይዛ መሬት ወደቀች። እስከ ዙህር ሶላት አለቀሱ። ከዚያ ሴቶቹ ሄዱ፣ እናቴም ዓይኗን ታብሳ አጠገቧ ተቀመጠች።

"እንኳን በሩ ላይ መጣች" አለች ልጅቱ፤ ድምፅዋ ተዘግቷል። "ያ ቀን ባይኖር ምን እሆን ነበር። አፌን መስታወቱ ላይ አድርጌ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አፉ ብዬሻለሁ አልኳት። ስክሪኑ ላይ ይቺ ከኋላ ደግፋት ስታለቅስ አየኋት፤ ሰምታኝ ደስ ብሏት ነው ብዬ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ ሥራው እንኳ አልከበደኝም።"

እናቴ ወዲያው "ሰምታሻለች ልጄ፣ ደስ ብሏት ነው የሄደችው" አለች።

ፈጥና ነው ያለችው፤ በጣም ፈጥና። ልጅቱ እናቴን ትንሽ አየቻትና ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ አብረሻት ነበርሽ። በሩንም የሠራሽው አንቺ ነሽ። ሰምታኛለች?"

እናቴ ከልጅቱ ጀርባ በዓይኗ ለመነችኝ። እኔ ግን የማይሠራን ነገር ይሠራል ብዬ አላውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ይል እንደነበር አውቃለሁ፤ ያ ሰው እኔ አይደለሁም። አልሰማችሽም አልኳት። እሷ ስትናገር የአንቺ ተዘግቶ ነበር፣ ከአንቺ የወጣው ለቅሶሽ ብቻ ነው፣ እናትሽ አፉ አላለችኝም እያለች ነው የሄደችው አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ አፏን በእጄ መያዜንም።

እናቴ ጉልበቴን በጥፍሯ ያዘችኝ፤ ደም እስኪወጣ። ከዚያ ልጅቱን ወደ ደረቷ ስባ "አላህ ሰምቷል፣ ልጄ፣ አላህ ሰምቷል" ማለት ጀመረች። ልጅቱ አላለቀሰችም። ቀስ ብላ ከእናቴ እቅፍ ወጣች።

"አላህማ ሳልናገርም ይሰማኛል" አለች። "እኔ የጮህኩት ለእሷ ነበር።"